የሌለው መርገጫ

አስጎብኚዋ ሽማግሌውን የምታውቃቸው በእጃቸው ነው፤ ጥፍራቸው ሥር ሙጫ፣ አውራ ጣታቸው ላይ ታጥቦ የማይለቅ ቡናማ ቀለም አይጠፋም። የድሮ ባቡር የጭነት ፉርጎዎችን ከስንዝር በማይበልጥ መጠን ይሠራሉ፤ የብሎኑን ብዛት እንኳ ከአሮጌ ፎቶ ቆጥረው ነው። ዛሬ ግን ለአውደ ርእዩ የሰጡትን ፉርጎ ሲያዩ ደማቸው ፈላ።

«ይህን መርገጫ ማን ለጠፈበት?»

«ተሰብሮ የወደቀ መስሎን አሳመርንልዎ፣ አባባ።»

«አሳመርንልዎ! ልጄ፣ እውነተኛው ፉርጎ መርገጫ አልነበረውም። እኛ የባቡር ሠራተኞች ይሠራልን ብለን ሦስት ዓመት ጮኽን፤ ሰሚ ጠፋ። ቀለሙን ግን በየዓመቱ ይቀቡልን ነበር፣ እንዲያምር!»

«ጎብኚው እኮ ይህን ልብ አይለውም።»

«ፍሬን ሊይዝ ወደ ፉርጎው የዘለለው ጓደኛዬም መርገጫ እንደሌለው ልብ አላለም።»

አስጎብኚዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ቀለሙን እንዳይልጡ እየተጠነቀቁ መርገጫውን በጥፍራቸው ፈንቅለው አነሱት። ከዚያ ባዶውን ቦታ በጣታቸው አሳዩዋት።

«መብራቱን ወደዚህ አዙሪልኝ» አሉ።