ዋጫ ላይ የገባብኝ ጎል

አሥረኛ ክፍል እያለሁ ቦንጋ ውስጥ የትምህርት ቤታችን በረኛ ነበርኩ። የጀመርኩት አባቴ በሞተ በዓመቱ ነው። ቤት ስሆን ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል፤ ሜዳ ስገባ ግን ይለቀኛል። ኳስ ይዤ ጭቃ ላይ ስንከባለል የዋልኩ ዕለት እንቅልፍ ይወስደኛል። እናቴም ይህን ስላየች ጭቃ የጠጣውን ማልያዬን ሳትቆጣ ታጥብልኝ ነበር።

አሰልጣኛችን የስፖርት አስተማሪው ነበር፤ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ሰው። ቲቸር እንለዋለን። ለዋንጫው ጨዋታ አይሱዙ ላይ ተጭነን ዋጫ ወደምትባለው ከተማ ሄድን፤ የምንገጥመው የዚያን ትምህርት ቤት ነበር። ሜዳው በዝናብ ጭቃ ሆኗል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ ደካማ ኳስ መጣ፤ ያዝኩት ስል ከእጄ ሾልኮ ገባ። በዚያች ጎል ዋንጫውን አጣን።

ልጆቹ መኪናው ላይ ሲወጡ እኔም ልወጣ ስል ቲቸር ደረቴን ገፋ አደረገኝ።

«አንተ እዚሁ ቅር። የእነሱ ተጫዋች ነህ።»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ልጆቹም ሳቁ። መኪናው ሄደ። ዝናብ ውስጥ ቆሜ ጠበቅኩ፤ አልተመለሰም። ሙዝ የጫነ መኪና ሹፌር አዝኖልኝ ነው ቦንጋ ያደረሰኝ።

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ወደ ፊት ጠራኝና እጄን ይዞ ወደ ላይ አነሳው። «ዋንጫውን ለዋጫ የሸለመው ጀግና ይሄ ነው» አለ። ተማሪው በሙሉ ሳቀ፤ አስተማሪዎቹም ጭምር። ከዚያ ወዲያ ስሜ ዋጫ ሆኖ ቀረ።

እንቅልፌ ጠፋ። ምግብ ሲቀርብ ትቼ እነሳለሁ። አንድ ቀን ለእናቴ «ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኛል» አልኳት። ነጠላዋን ደርባ በቀጥታ ቲቸር ጋ ይዛኝ ሄደች።

«ልጄ እየጠፋብኝ ነው» አለችው።

«እትዬ፣ ስፖርት እኮ ጭንቀት ያጠፋል። ልጅዎ ሆደ ባሻ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ? አባት ያልቆነጠጠው ልጅ እንዲህ ነው።»

እናቴ እጄን ይዛኝ ወጣች። ከትምህርት ቤት አስወጥታ ማንኪራ የሚባል የገጠር መንደር ወንድሟ ዘንድ ላከችኝ። አጎቴ ቀፎ ሊሰቅል ጫካ ሲገባ እከተለዋለሁ እንጂ ከሰው አላወራም። የመንደሩ ልጆች አመሻሽ ላይ ሲጫወቱ ከሩቅ አያቸዋለሁ። ከብዙ ወራት በኋላ ኳሳቸው እግሬ ሥር ደረሰች፤ መለስኩላቸው።

«ና ግባ» አለኝ አንዱ።

ገባሁ። ጎል የሚቆጥር አልነበረም። በዚያ ቀን እንደ ድሮዬ ተኛሁ። በረኛ ሁን ሲሉኝ ግን እምቢ አልኩ፤ እስከ ዛሬም እምቢ እንዳልኩ ነኝ።

በኋላ ትምህርቴን ጨርሼ አሁን ቦንጋ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አምና ስለ ስፖርትና ስለ ወጣቶች የአእምሮ ጤና ስልጠና አለ ተብሎ ተላክሁ። ስልጠናውን የሚሰጠው ቲቸር ራሱ ነበር፤ ሸብቷል። ለእረፍት ስንወጣ አወቀኝና ትከሻዬን አቅፎ ለሰዎቹ አሳያቸው።

«ይሄን ልጅ ሰው ያደረግሁት እኔ ነኝ» አላቸው። «ያኔ ባልጨክንበት ዛሬ የት ይገኝ ነበር?»

ሰዎቹ በአክብሮት አዩት። ሻይ ቀድቶ ስኳር ጨመረበትና አቀበለኝ።

«አመሰግናለሁ፣ ቲቸር» አልኩት።