ተቀባይ የሌለው ዘፈን

የእህቴ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ያቋቋመችውን ባንድ ትታ ብቻዋን ለመዝፈን ስትነሣ ነገሩ አልጣመኝም። የአዳራሽ በር ጠባቂ ስለሆንሁ ዘፋኝ ሲወጣም ሲወድቅም አይቻለሁ። በእርግጥ ግጥሙንም ዜማውንም የምትሠራው እሷ ሆና ሳለ፣ ባንዱ ድምፅዋን በከበሮ ይቀብረው ነበር።

«ጋሼ፣ የአዳራሹ ኃላፊዎች አንድ ዝግጅት ብቻ ፈቅደውልኛል። ካቃተኝ አንገቴን ደፍቼ ወደ ባንዱ እመለሳለሁ» አለችኝ።

በዕለቱ የባንዱ ከበሮ መቺ መጥቶ ከፊት ወንበር ላይ ተንፈላሰሰ። አመጣጡን ስለጠረጠርሁት በሩን ለባልደረባዬ ትቼ ከኋላው ቆምሁ።

እሷ ጊታሯን ይዛ ጀመረች። የመጀመሪያው ስንኝ እንዳለቀ ግን ዝም አለች። እዚያ ቦታ ላይ ለዓመታት ጓደኞቿ ይቀበሏት ስለነበር ሳታስበው ጠበቀቻቸው።

«እመቤት፣ ተቀባዮችሽን የት ጣልሻቸው?» አለ ከበሮ መቺው። ሰው ሳቀ። ትከሻውን ልይዘው እጄን ስዘረጋ በዓይኗ ከለከለችኝ።

«አንዱ ከፊቴ ተቀምጦ ይለፈልፋል» አለችው። አሁን የተሳቀው በእሱ ነበር።

ከዚያም ዘፈኑን እንደገና አንሥታ፣ የተቀባዮቹን ስንኝ ዝቅ ባለ ድምፅ ራሷ እየመለሰች እስከ መጨረሻው ዘለቀችው። የቀሩትንም ዘፈኖች እንዲሁ ተወጣቻቸው።

ከመድረክ ስትወርድ ፊቷ በላብ ርሶ ነበር።

«ጋሼ፣ ለነገ የአዳራሹን መለማመጃ ክፍል ቁልፍ ይስጡኝ። ዘፈኖቹን ሁሉ ያለ ተቀባይ ለብቻ እንዲዘፈኑ አድርጌ ልሠራቸው ነው።»

ለማንም አምኜ የማልሰጠውን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት።