አባቴ የጠረበው የጭራቅ እግር

የልጅ ልጆቼ ጭራቅን የሚያውቁት በቴሌቪዥን ነው። ክንፍ አለው፣ እሳት ይተፋል፤ እግሩ ግን እንደ እኛው ወደ ፊት ነው። ይሄን ሳይ ደሜ ይፈላል። የይፋት ጭራቅ እግሩ የዞረ ነበር፤ ተረከዙ ከፊት፣ ጣቶቹ ከኋላ። ይህን የማያውቅ ልጅ በቀወት አልነበረም። ከሰል ባገኘን ቁጥር የሰው ግድግዳ ላይ እየሳልነው ስንት ጊዜ ተገርፈናል!

አባቴ አብዱረዛቅ ሙቀጫ ጠራቢ ነበር። ከሸዋ ሮቢት እስከ ማጀቴ የእሱ ሙቀጫ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ወሬ ይወዳል፣ ሰው ያስቃል፤ ምስጢር ከያዘ ግን ድንጋይ ነው።

ጣሊያን ከጣርማ በር መንገዱን እየጠረገ ወደ ቆላው ሲወርድ የእናቴ ወንድም ኢብራሂም ዱር ገባ። ዱር የገባ ሰው ዘመድ ስለሚታሰር አባቴ እናቴን ሙሀባን ከሮቢ ወንዝ በላይ ገደሉ ውስጥ ካለ ዋሻ ደበቃት። እኔ ገና ጡት የምጠባ ሕፃን ነበርኩና አብሬያት ገባሁ። ችግሩ ገደሉ እንጨት የሚለቀምበት፣ ፍየል የሚሰማራበት ነው። አንድ ሰው አይቶን ቢያወራ አልቆልን ነበር።

ስለዚህ አባቴ ከዋንዛ ግንድ ባለ ሦስት ጣት፣ ክንድ የሚያህል ጥንድ እግር ጠረበ። ተረከዙን ወደ ፊት አድርጎ ከእግሩ ሥር በጠፍር አሰረና ዝናብ ባራሰው የገደሉ መንገድ ላይ ተመላለሰበት። ሰፈሩ ታመሰ። አንዱ ሲያጓራ ሰማሁት አለ፤ ሌላዋ ፍየሌን በላብኝ አለች፤ ፍየሏን ማን እንደበላት ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲያ በገደሉ በኩል ዝር ያለ ሰው የለም።

ለእናቴ እንኳ አልነገራትም። ከታች የሰዉን ጩኸት ሰምታ ኖሮ፣ ስንቅ ይዞላት ሲመጣ፣

«ጭራቅ አለ ይላሉ፤ እውነት ነው እንዴ አንቱ?» አለችው።

«የምታጠባ ሴት አይነካም፤ አይዞሽ» አላት።

ይህን ከየት እንዳመጣው እንጃ።

ወሬው ከመንገዱ ሹም ደረሰ። አደን የሚወድ ጣሊያን ነበር። የሰማውን በወረቀት ላይ ይስለው ጀመር፤ ቀንድ ጨመረለት፣ ጅራት ጨመረለት፣ ሥዕሉንም ገበያ ለገበያ እያዞረ «እንዲህ ነው ወይ?» ይላል። ሰውም «አዎ ጌታዬ» ይለዋል፤ ምን ይበል? አባቴም አይቶታል። ሲያጫውተን «ቀንዱስ አምሮብኝ ነበር» ይል ነበር።

አስተርጓሚው አየለ ግን ሹሙ ጭራቁን ገድሎ ቆዳውን ሮም ሊልክ እንዳሰበ አወራ። ሰው እንዲያርቅ የተፈጠረው አውሬ አዳኝ ጠራ። አባቴ ጭራቁን ከአገር ሊያስወጣው ወሰነ። ዝናቡ እንዳባራ በጠዋት እግሮቹን እንደ ልማዱ አሰረ፤ ከገደሉ ተነሥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ወደ አፋር በረሃ በሚወስደው ሜዳ ላይ ደረቅ መሬት እስኪያገኝ ሄደ። የሰፈሩ ሰው ዱካውን አይቶ «ሄደልን!» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ጣሊያኑ ስለ ጭራቅ እግር ምን ያውቃል? ጣቶቹ የሚያመለክቱት ወደ ገደሉ ነው። ከበረሃው መጥቶ ገደሉ ውስጥ ገብቷል ብሎ ባንዳዎቹን አስከትሎ ሽቅብ ወጣ።

አባቴ ይህን ሲያይ ስህተቱ ገባው። ለዛሬ እንኳ እግሮቹን አዙሮ ማሰር ነበረበት። ግን ከአገራችን ሰው ጭራቅን እንዲያ አድርጎ የሚያስብ ማን አለ?

በአቋራጭ ሮጦ ከዋሻው ማዶ ሸንተረሩ ላይ ወጣ። የእንጨት እግሮቹን አሰረ፤ የዚያችን የተበላች ፍየል ቆዳ ተከናነበ፤ በጠራራ ፀሐይ ቆሞ አጓራ። ከዚያ ከዋሻው ራቅ ወዳለው በኩል እያነከሰ ሮጠ። ጠመንጃ ጮኸ።

«ወደቀ! ጭራቁ ወደቀ!» ብለው ባንዳዎቹ አስተጋቡ።

አየለ ቀድሞ ደርሶ ቆዳውን ሲገልጥ የሚያውቀውን ሙቀጫ ጠራቢ አገኘ፤ ቅልጥሙ ተሰብሮ ደም ይፈሳል። አባቴ «አደራ» አለው። አየለ ወደ ጣሊያኑ ዞሮ «እብድ ነው» አለ። ባንዳዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ሹሙ ፊቱ ቀልቶ፣ ማንንም ሳያይ ወደ መንገዱ ተመለሰ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አነከሰ። ያ አረማመድ ዛሬም ይናፍቀኛል። ትከሻው ዘንበል እያለ ከመስጊድ ሲመለስ እኛ ልጆች ከኋላው እያስመሰልን እንከተለው ነበር፤ ድንገት ዞሮ ሲያጓራብን እየጮህን እንበተናለን። ያን ጊዜ የነበረኝ ደስታ ተመልሶ አልመጣም።

እናቴ ነገሩን ያወቀችው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ያን ቀን ተኩሱንና ጩኸቱን ከዋሻው ውስጥ ሰምታ፣ እኔን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ በደስታ እያለቀሰች «የተኳሹን እጅ አላህ ይባርከው» ብላ ዱዓ አድርጋ ነበር። አባቴ ይቀልድባታል፦ «የእሱን እጅ ስትመርቂ የእኔን እግር ረሳሽው!» እሷም አብራው ትስቃለች።

የሞተ ቀን ግን አጣቢዎቹን አስቆመቻቸው።

«ሌላውን እናንተ እጠቡ። ይቺን እግር እኔ ነኝ የማጥባት» አለች።

ቀስ ብላ አጠበችው። ስትጨርስ እጇን ጠባሳው ላይ አሳረፈችና «አውፍ ይበሉኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለችው።