ነፋስ የሚጎትተው ጋሪ

ሐይቁ ሲደርቅ ከተማዋ መጀመሪያ ዓሣ አጥማጆቿን አጣች፤ ቀጥሎ ዓሣ ነጋዴዎቿን፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ወጣ። ካልሄዱት አንዱ በያጁ ነበር። ድሮ መልህቅና የጀልባ ሞተር ማቀፊያ ይበይድ ነበር፤ አሁን ሥራው ቤታቸውን ዘግተው ለሚሄዱ ሰዎች የበርና የመስኮት ብረት መሥራት ብቻ ሆነ። «የከተማዋ ገናዥ ሆኜ ቀረሁ» እያለ ይቀልዳል።

ሰፈሩ «አይቆሜ» ይለዋል። ልጅ ሆኖ ሲላክ በሩጫ፣ ሲጠራም በሩጫ ነበር። አርባን ካለፈ በኋላም ያው ነው፤ የበየደው ብረት ሳይበርድ ሌላ ያነሳል።

አንድ ቀን ውሃ የሚያመላልሰው የቦቴ ሾፌር ስልኩን ከፍቶ አንድ ነገር አሳየው። ሰው ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ላይ ተንጋሎ ተቀምጧል። ከፊቱ ሰማይ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ ትልቅ ካይት፣ በገመድ የተያዘ የጨርቅ ክንፍ፣ አለ። ካይቱ በገመድ እየጎተተው ሰውየው አሸዋው ላይ ይከንፋል። ሞተር የለ፣ ነዳጅ የለ።

«እስቲ ድገመው» አለ አይቆሜ። ሾፌሩ ባትሪው እስኪያልቅ ደገመለት።

የደረቀው ሐይቅ ወለል እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ደግሞ ቆርቆሮ ይገነጥላል። ሌላው ሰው የሚረግመውን ነፋስ አይቆሜ በጉጉት ይጠብቀው ጀመር።

«ሰው አገር ለቆ ሲሄድ አንተ መጫወቻ ትሠራለህ?» አለችው ሚስቱ።

«ታዲያ ሐይቁ ደረቀ ብዬ አብሬው ልድረቅ?»

የመጀመሪያውን ጋሪ ከውሃ ቱቦ በየደው። ቀላል እንዲሆን ብሎ የኋላ ጎማዎቹን አቀራረባቸው። ካይት ግን ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይጎትታል፤ ገና ከመነሳቱ ገለበጠውና ክርኑን ላጠው። ሁለተኛውን ሰፋ አድርጎ ሠራ። የኋላውን አክስል አስረዘመ፣ መቀመጫውን መሬት ሊነካ እስኪደርስ አወረደ፣ አፈሩ ውስጥ እንዳይሰምጥ ወፍራም ጎማ አደረገለት። የካይቱ ገመድ ሁለት እጁን ስለሚይዝበት የፊቱን ጎማ የሚመራው በእግሩ ነው።

ካይቱን የሰፋችለት ድንኳን ሰፊዋ ታላቅ እህቱ ናት። የድንኳን ሸራ ስለከበደ፣ ሰው ጥሎት የሄደውን የዝናብ ልብስ እየሰበሰበች ተረተረች። «መቼም ዝናብ ላይመጣ» አለች።

የማይስማሙት በአንድ ነገር ነበር። እሱ ፍጥነት ይላል፤ እሷ መቆጣጠሪያ ትላለች።

«እትዬ፣ ይሄ ካይት ያንሳል። ጨምሪበት።»

«ሽቅብ ይዞህ ቢሄድ ማን ያወርድሃል?»

«ወፍ ነኝ እንዴ?»

«ወፍማ ክንፍ አላት። አንተ ያለህ አፍ ነው።»

ጨመረችለት። በምትኩ የካይቱ ጉልበት በሚያርፍበት የወገብ ቀበቶ ላይ ማላቀቂያ አበጀችለት። ካይቱ የሚንጠለጠልበትን መንጠቆ የምትይዘው አንዲት ሽብልቅ ናት፤ ከእሷ ጋር የታሰረውን ቀይ ገመድ ሲስቡት ሽብልቋ ትወጣና ካይቱ ብቻውን ይሄዳል። በሙከራ ላይ ግን ሽብልቋ ሳትነካ ወጣችበት። ካይቱን ለማምጣት ግማሽ ሐይቅ በእግሩ ሄደ።

«ጥቂት ቀን ስጠኝ፣ አጠብቃታለሁ» አለችው እህቱ።

አይቆሜና ጥቂት ቀን! በማግስቱ «ራሴ አስተካክዬዋለሁ» አላት። ብረት የእሱ ሙያ ስለሆነ አመነችው።

የቀረው ሰው ሁሉ ሊያይ ወጣ። ጋሪው ተንቀጥቅጦ ተነሳ፣ ከዚያ አቧራውን ከኋላው ትቶ ተፈተለከ። ሰው አጨበጨበ፤ ሚስቱም ሳትወድ በግዷ ሳቀች። ወዲያው ከማዶ የአቧራ ግድግዳ ሲመጣ ታየ።

«ቀዩን ሳብ! ቀዩን!» እህቱ እየጮኸች ሮጠች።

ሲስብ ሁሉም አይቷል፤ መጀመሪያ በአንድ እጁ፣ ቀጥሎ በሁለቱም። ካይቱ አልለቀቀውም። ከጋሪው ነቅሎ ሽቅብ ወሰደውና በጀርባው አፈረጠው።

ቀድማ የደረሰችው እህቱ ናት። ካይቱ አሁንም መሬት ለመሬት ይጎትተዋል። ገመዶቹን በመቀሷ ቆረጠች። ሽብልቋ በሽቦ ተጠምዝዛ ታስራለች፤ የሽቦው ጫፍ እንዳይቧጭር ወደ ውስጥ ታጥፏል። የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው ገባት። ሰው ሳይደርስ ሽቦውን ፈትታ ወረወረችው።

ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ቀረ። «አይቆሜ» የሚለው ስም ራሱ ስድብ ስለሆነ ሰው መጥራት ተወ።

ነቀፋው ሁሉ በእህቱ ላይ ወረደ። ማላቀቂያውን የሠራችው እሷ ናታ! ሚስቱ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «ወንድምሽን በገዛ መርፌሽ ገደልሽው፤ ሁለተኛ እዚህ ቤት ድርሽ እንዳትይ!» አለቻት። እህቱ ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። ውስጥ የተኛውም ሰማ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እንዲህ ሆነው ከረሙ። እህቱ አንሶላ ሰፍታ ደጃፍ ላይ ታስቀምጣለች፤ ሚስቱ ታስገባለች፤ አይተያዩም። የበሽተኛው ጀርባ መቁሰል ጀመረ። አንድ ጠዋት ሚስቱ ቁስሉን ስታጥብለት ድንገት ተናገረ።

«እትዬ አይደለችም። ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ሚስቱ ጨርቁን መጭመቋን አላቆመችም። «አውቃለሁ። ፒንሳውን ያቀበልኩህ እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን እሷን...»

«እሷ ካልሆነች እኔ ነኛ!» አለችና እስከዚያ ቀን ያልወጣላት ለቅሶ ወጣላት።

በዚያው ቀን ወደ እህቱ ቤት ሄደች። በሩ ላይ ቆመች። እህቱ ከስፌት መኪናው ቀና ብላ አየቻት።

«ቁስሉ ባሰበት?»

«ባሰበት።»

መቀሷን አስቀምጣ ተከተለቻት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች እየተፈራረቁ አገላበጡት፤ ግን ቁስሉ አጥንት ደርሶ ነበር። በትኩሳቱ መሃል አንዴ ነቅቶ እህቱን ጠየቃት።

«ያን ቀን... ስሄድ አየሽኝ?»

«አይቼሃለሁ።»

«ፈጠንኩ?»

«ፈጠንክ» አለችው። ሌላ ምን ትበለው?

ሳምንት አልቆየም።

የቦቴው ሾፌር የጋሪውን ጎማዎች ለውሃ ጀሪካን መግፊያ ለምኖ ወሰደ። ሚስቱ ቤቱን ዘግታ ወደ እህቱ ቤት ገባች፤ ድንኳን መስፋትም ትማራለች። ስፌቷ ጠማማ ነው። እህቱ ትተረትርና ደግማ ትሰፋዋለች።