ሀጂ ዑመር የሚወዷት ጠንካራዋ መድኃኒት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። እሳቸው ስንቱን ጉዴን ሰምተዋል፤ ይቺን ግን ሁሌም እዘላታለሁ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

የሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ኮኪት ከተማ መድኃኒት መደብር አለኝ። ጎረቤቴ ሀጂ ዑመር የሱዳን ልብስ ይሸጣሉ፤ ሰሊጥም ያርሳሉ። ለአገሩ እንግዳ ሆኜ ስመጣ አባት የሆኑኝ እሳቸው ናቸው።

እዚህ ቆላ ሰሊጥ ሲደርስ መታመም አይቻልም። የደረሰ ሰሊጥ ቶሎ ካልታጨደ ይራገፋል፤ ባለ እርሻውም፣ ሳሉግ የምንለው አጫጁም በማግስቱ ብድግ ማለት ነው የሚፈልገው። ሀጂም ባስነጠሳቸው ቁጥር ብቅ ይሉና "ልጄ፣ ያችን ጠንካራዋን ስጭኝ" ይሉኛል። ሲፕሮ የምትባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ማለታቸው ነው። እኔም እሰጣለሁ። ያለ ሐኪም ማዘዣ እሰጣለሁ። ለጉንፋን እሰጣለሁ! ጉንፋንን እንደማትነካው አላውቅም ነበር? አሳምሬ አውቃለሁ። የተማርኩት እኮ ነው፦ ከእነዚህ መድኃኒቶች መጀመሪያ የሚሰጡ አሉ፣ በጥንቃቄ የሚሰጡ አሉ፣ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ብቻ የሚወጡ አሉ። ሲፕሮ በጥንቃቄ ከሚሰጡት ናት። ሀጂ ደግሞ ሻል ሲላቸው የተረፈውን ለአጫጆቻቸው ያድላሉ። ይህንንም አውቃለሁ። ታዲያ አፌን ምን ያዘው? ሀጂ ሲያኮርፉኝ ማየት አልወድም ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አንድ ክረምት የሽንት ሕመም ጣላቸው። ትኩሳቱ አልበርድ ሲል ጎንደር ወስደው ሆስፒታል አስተኟቸው፤ እኔም ልጠይቃቸው ሄድኩ። የሰጠቻቸው መድኃኒት አልሠራ ብሏት ሐኪሟ ተጨንቃለች። "ከዚህ በፊት ምን ምን ሲወስዱ ነበር?" አለች። ልጃቸው አያውቅም። የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። አልጋቸው ሥር ቆሜ ዝም አልኩ! ሰውዬው ቢሞቱስ? ከእኔ መጋለጥ የሳቸው መሞት ቀለለኝ?

የምርመራው ውጤት ሲመጣ ጀርሙ ሲፕሮንም ሌላውንም የተላመደ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ለመጨረሻ የሚቀመጠውን መድኃኒት አወጣች፤ ሀጂም ተመስገን ዳኑ።

ሲመለሱ ታዲያ በሰው ፊት "ከአላህ በታች በሕይወት እስከ ጎንደር ያደረሰችኝ የዚች ልጅ መድኃኒት ናት" ብለው መረቁኝ። ከሱቃቸው የሚያምረውን ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን፣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እኔስ? "አሜን" አልኩ። ወይ አለማፈር!

ከዚያ ወዲህ መደርደሪያዬን በሦስት ለይቼዋለሁ፤ ያለ ማዘዣ አንዲት ፍሬ አትወጣም። ደንበኛው ይነጫነጫል፤ እኔም እነጫነጫለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሥራዬን እንደ አሁን ወድጄው አላውቅም።

ትላንት ሀጂ ጉንፋን ይዟቸው መጡ።

"ጠንካራዋን ስጭኝ።"

"አይሆንም ሀጂ። ትኩስ ነገር ይጠጡ፣ ይረፉ። ካልተሻለዎት ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን።"

"ምነው ልጄ? ያኔ ያተረፈችኝን መድኃኒት ዛሬ ትከለክይኛለሽ?"

አኩርፈው ወጡ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ጉንፋኑም፣ ሰሊጡም፣ ለሳቸው ያለኝ ፍቅርም ሰበብ አይሆኑኝም። ይህን ስጽፍ ቶቡን አጥፌ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ አንድም ቀን አልለበስኩትም። ሀጂ የሱቃቸውን በር እየከፈቱ ነው፤ ሳላቸው ይሰማኛል። ቶቡን ይዤ ልግባና እውነቱን ልንገራቸው። ቢያባርሩኝም ቀልሎኛል።