እኩል ላድርገው?

ፀጉር አስተካካዩ ቼዝ የለመደው ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ ነው። ያስተማረው የሚስቱ ወንድም ነበር፤ እሱም ራሱ ብዙ አይችልም። ቢሆንም ልብስ ሰፊውን፣ ጫማ አዳሹንና ባለፋርማሲዋን ተራ በተራ ሲረታ ልቡ አበጠ፤ ሄዶ ለከተማው ውድድር ተመዘገበ።

ዕጣ ሲወጣ ማን ደረሰው? ሻምፒዮኑ! በነጥብ የትና የት ይበልጠዋል! የሚስቱ ወንድም ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ "አይዞህ፣ ቶሎ ያልቃል" አለው።

እውነትም ሊያልቅ ነበር። ገና ከመጀመራቸው ፈረሱ ተበላበት፣ ንጉሡም መግቢያ መውጫ አጣ። ያኔ ሻምፒዮኑ ሙቀት በረታበትና ቆቡን አወለቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ክው አለ። የሰውየው ራስ በግራ ሙልጭ ብሏል፣ በቀኝ ጎፈሬ ነው! ለካ ጠዋት ሌላ ፀጉር ቤት ተቀምጦ ሳለ መብራት ሄዶ ቶንዶሱ መሐል ላይ ቀጥ አለ፤ ውድድሩ እንዳይረፍድበት ቆቡን ደፍቶ መጣ።

ከዚያ በኋላ የምን ቼዝ! የፀጉር አስተካካዩ ዓይን ከጎፈሬው አልነቀል አለ። ጣቶቹ ጠረጴዛው ሥር መቀስ እንደያዘ ሰው ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በመጨረሻ አላስቻለውም። ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ "ይቅርታ ጌታዬ፣ እኩል ላድርገው?" አለ።

ሻምፒዮኑ ላብ በላብ ሆነ። ያለቀለት ሰው እኩል እንውጣ ይለዋል! "እኔ ያላየሁት፣ ይሄ ሰውዬ ያየው ነገር አለ" አለ በሆዱ። ሰሌዳውን በዓይኑ በረበረው፤ ምንም አላገኘም። አለማግኘቱ ጭራሽ አስፈራው። እጁን ዘረጋ።

"እሺ፣ ተስማምቻለሁ።"

ፀጉር አስተካካዩ ደስ ብሎት ጨበጠውና ከደረት ኪሱ ማበጠሪያ አወጣ። ዳኛው "አቻ!" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ፀጉር አስተካካዩ ነገሩ የገባው የሚስቱ ወንድም አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ሲያለቅስ ነው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ፣ "አሸነፍክ?" አለችው።

"ኧረ አላሸነፍኩም።"

"ተሸነፍኩ በለኛ።"

"አልተሸነፍኩም።"

"ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ዋልክ?"



በማግስቱ ሻምፒዮኑ የቼዝ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ ሱቁ ድረስ መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ጎፈሬውን ሲያወርድለት ሻምፒዮኑ፣ "በል እውነቱን ንገረኝ፤ ትናንት ምን አይተህ ነው?" አለው።

"ፀጉርዎን ነዋ።"

"ተው እንጂ! አትደብቀኝ።"

ቢምልለትም አላመነም። ምስጢሩን ካላወጣሁ ብሎ በየሳምንቱ እየመጣ ይቆረጣል። አሁንማ ራሱ ላይ የሚቆረጥ ነገር አልቋል፤ ፀጉር አስተካካዩ ቅር እንዳይለው ብሎ ከጆሮው አጠገብ አየሩን በመቀስ ቀጭ ቀጭ ያደርግለታል።