አባቴን «ሂ» ማለት

የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆን የዘመድ ሁሉ የነጻ አስጠኚ መሆን ነው። ለጾሙ አገር ቤት፣ ሞላሌ፣ አባቴ ቤት እንደገባሁ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ሰባተኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች።

ስለ አያቷ አንድ አንቀጽ ጽፋለች። አያቷ፣ ማለትም አባቴ፣ ቄስ ናቸው። እሷም አንቀጹን ከላይ እስከ ታች «ዜይ አር» ሞልታዋለች።

«ስንት አያት ነው ያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

«አንድ።»

«ታዲያ ‹ሂ ኢዝ› በይ እንጂ! ‹ዜይ› ለብዙ ሰው ነው።»

አባቴ መደብ ላይ ጋደም ብለው ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር። «‹ሂ› ምን ማለት ነው?» አሉ።

ዋሽቼ ላልፈው ስል ልጅቱ ቀደመችኝ። «‹እሱ› ማለት ነው፣ አባባ።»

ብድግ ብለው ተቀመጡ። «‹እሱ›? እኔን? ይሄንን ነው የምታስተምሪያት?»

እኔም ነደደኝ። «እኔ አልፈጠርኩት! እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም። ደግሞስ እርስዎ ራስዎ እግዜርን በየጸሎቱ ‹አንተ› ይሉት የለም እንዴ?»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«እሱ ታጋሽ ነው» አሉ። «እኔ አይደለሁም። ‹ዜይ› በሉኝ!»